የማህሌት አርባ ሰዓት

በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ በሌላ ሰው ስም፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመርቄአለሁ። የምስክር ወረቀቱ ላይ የተለጠፈው ፎቶ የልጄ የማህሌት ነው፤ ስሙም የእሷ ነው፤ ሒሳቡንም ፊዚክሱንም ያመጣችው እሷው ናት። ግርጌው ላይ «አገልግሎት፦ እጅግ በጣም ጥሩ» የምትለዋ አንዲት መስመር ግን የኔ ናት። ሰርቄ ነው ያገኘኋት፤ ሰርቄም ለልጄ ሰጠኋት።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ። እናት ይህን ተረት ስትሰማ ምን ታደርጋለች? ልጅቷን ከቡሃቃው ገፍታ ራሷ ታቦካለች። ከዚያ በሳምንቱ ጎረቤት ሄዳ «የዛሬ ልጆች እኮ ማቡካት አያውቁም» እያለች ታማለች። እኔ እንደዚያ ካሉት እናቶች አንዷ ነኝ፤ ምናልባትም አለቃቸው።

የሚያሳፍረው ደግሞ ሥራዬ ነው። ቡታጅራ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙ በማይርቅ አንድ መድኃኒት ቤት፣ ነጭ ጋወን ለብሼ ከባንኮኒ ጀርባ የምቆም ሴት ነኝ። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ መጣና «ሚስቴ መርፌ ትፈራለች፤ እኔ በሷ ፋንታ ብወጋ አይሆንም ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። የምሩን ነበር። «ወንድሜ፣ መድኃኒት በውክልና አይወሰድም» አልኩትና ሳምንት ሙሉ ለመጣው ሁሉ እያወራሁ ሳቅሁበት። ያን ሰውዬ ዛሬ ባገኘው ወንበር ስቤ አስቀምጬ ይቅርታ እጠይቀው ነበር። እሱ ቢያንስ ቀድሞ ጠይቋል።

ልጄ የተማረችው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በባሕር ዛፍ በታጠረ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጁን ለማስገባት የሚሻማበት ነው፤ ርእሰ መምህርቷ ሲስተር አልማዝ ይባላሉ። የእምድብር ልጅ ናቸው፤ ድምፃቸው ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሆኖም እሳቸው ሲናገሩ ግቢው ውስጥ ያለው ቁራ እንኳ ዝም ይላል።

ትምህርት ቤቱ ግን የራሱ አመል አለው። መጀመሪያ ያበሸቀኝ ካርዱ ነው። ማርኩ ይጻፋል፣ የመምህሩ አስተያየት ይጻፋል፣ ደረጃ የሚባል ነገር ግን የለም። አንደኛ የለ፣ ሁለተኛ የለ። ለመስቀል ዘመድ ከየአገሩ አገር ቤት ሲሰበሰብ፣ ክትፎው ሳይቀርብ ገና የሚጠየቀው «ልጅቷ ስንተኛ ወጣች?» ተብሎ አይደለም? ታዲያ ምን ልበል? «ሲስተር ደረጃ አይሰጡም» ስል የባሌ አጎት ራሳቸውን ነቅንቀው «ገባኝ፤ መጨረሻ ወጥታለች ማለት ነው» አሉ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄጄ አቤት አልኩ። ሲስተር አልማዝ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ እዚህ ልጅ የሚወዳደረው ከትናንት ራሱ ጋር ነው አሉኝ። መልሱ ያምራል፤ ለባሌ አጎት ግን አይነገርም።

ለመመረቅ ደግሞ ማርክ ብቻውን አይበቃም። እያንዳንዱ ተማሪ ራሱ አንድ ጥያቄ ይመርጣል፤ ዓመቱን ሙሉ መልሱን ሲፈልግ ይከርምና መምህራን ፊት ቆሞ ያስረዳል። የማህሌት ጥያቄ «የኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣው ለምንድን ነው?» የሚል ነበር። የውሃ መስመር ጥገና ሠራተኞች ዘንድ ሄደች፣ የውሃ ማጠራቀሚያውን ዘበኛ አነጋገረች፣ የሰፈራችንን የቧንቧ መስመር በትልቅ ወረቀት ላይ ሣለች። ስታቀርብ መምህራኑ ሳቁ፣ አጨበጨቡ። እኔ አንዲት ቃል አላገዝኳትም። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። ልጄ ብተዋት ራሷ የምትችል ልጅ እንደነበረች እንድታውቁልኝ ነው። እኔም አውቄው ነበር እኮ።

የመጨረሻው ግዴታ አርባ ሰዓት ነው። ተማሪው ዘመዱ ላልሆነ አንድ አዛውንት አርባ ሰዓት ያገለግላል። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ማለት የለም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰው ነው። በሄደ ቁጥር ምን እንደሠራና ምን እንደተማረ ደብተር ላይ ይጽፋል። በመጨረሻ አዛውንቱ ትምህርት ቤት ድረስ ይመጡና በአንደበታቸው ይመሰክራሉ። የሽማግሌ ቃል ከተሰማ በኋላ ማንም መስቀለኛ ጥያቄ አይጠይቅም፤ በቃ። ያ ምስክርነት ከሌለ ግን ልጁ በሁሉም ትምህርት መቶ ቢያመጣ ጓደኞቹ መድረክ ላይ ሲወጡ እሱ ከወላጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ ያያል።

አዛውንቶቹን ቤታቸው ድረስ ሄደው የሚመርጡት ሲስተር አልማዝ ናቸው፤ ለማህሌት የደረሷት እማማ ሩቂያ ናቸው። ከገበያው ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። አምስት ልጆች መርካቶ አሏቸው፤ ብርድ ልብስ ይልካሉ፣ ስልክ ይደውላሉ፤ ውሃ የሚቀዳላቸው ግን አልነበረም። ማህሌት በማክሰኞና በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልትሄድ ተስማማች።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ጫማዋን አሥራ ተነሣች። በማግስቱ የፊዚክስ ፈተና ነበራት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንዴት ያለ ጭራቅ እንደሆነ ደግሞ ልጅ ያለው ያውቀዋል፤ ጉብሬ ወዳለው የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ተጭነው ሄደው፣ እዚያው አድረው ይፈተናሉ፤ እናት በበሩ እንኳ አታልፍም። እኔ ከዚያ ዓመት መስከረም ጀምሮ እንቅልፌ ተቆራርጦ ነበር። ስለዚህ «ተቀመጪና አጥኚ፤ ለዛሬ ብቻ እኔ እሄድልሻለሁ» አልኳት።

ለዛሬ ብቻ! ይቺን ቃል የፈጠረ ሰው ማን ይሆን? ስንቱን ቤት አፍርሳለች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ መሄድ ያለብኝ» አለችኝ። ቅዳሜም እንደዚያው አለችኝ፤ ድምፅዋ ግን ቀጠን ብሎ ነበር። በሦስተኛው ዝም አለች። በአምስተኛው ከመጽሐፏ ቀና ብላ «እማዬ፣ ማክሰኞ ነው እኮ፤ አትሄጂም እንዴ?» አለችኝ።

ሄድኩ። መጀመሪያ ቀን ለእማማ ሩቂያ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ልጄ እያጠናች ነው፣ እኔ ነኝ የመጣሁት አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ተማሪ ጠብቄ ነበር፤ አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ክፍል የደገምሽው?» አሉኝ። ከዚያ ጄሪካኑን አሳዩኝ።

ውሃ ቀዳሁ፣ ጠረግሁ፣ ልብስ አጠብኩ። ከሁሉ በላይ ግን እጃቸውን ለመድኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ታመው ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ ጣቶቹ አይጨብጡም። ሻይ የሚሰጣቸው ሰው ስኒውን ግማሽ ብቻ ይሞላና በግራ እጃቸው ያስይዛቸዋል። ዕድሜ ልክ በቀኝ ለበላና ለጠጣ ሙስሊም ይህ ቀላል አይደለም። ሁልጊዜ «ቢስሚላህ» ይሉና ግራ እጃቸውን እያዩ «አንቺ ደግሞ በስተርጅና ተሾምሽ» ይሏታል። ቤታቸው ውስጥ ሌላው ሁሉ ቢጠፋኝ ይቺን ነገር እጄ በራሱ ያውቃት ነበር። ሳላስብ ነበር ግማሽ የምቀዳው።

ማታ ማታ ደብተሩን የምሞላው እኔ ነኝ፤ የልጄን የእጅ ጽሑፍ አስመስዬ። «ዛሬ ምን ተማርሽ?» የሚለው ስር፣ ሰው ሲያረጅ እርዳታ ከመቀበል ይልቅ ለእርዳታ ማመስገን እንደሚከብደው ተማርኩ ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊው መምህር በቀይ እስክሪብቶ «ማህሌት፣ በዚህ ዕድሜሽ እንዲህ ማሰብሽ ይደንቃል» ብለው መለሱ። እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። ተማሪ በነበርኩበት ዘመን አስተማሪ እንዲህ አድንቆኝ አያውቅም። ሌባ ለሰረቀው ነገር ሲመሰገን ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ካለ እኔ ነኝ።

አርባው ሰዓት አለቀ፤ የምስክርነቱ ቀን ደረሰ። በዋዜማው እማማ ሩቂያ ዘንድ ሄጄ ዙሪያ ጥምጥም ከሄድኩ በኋላ፣ ነገ «ልጅቷ ናት ያገለገለችኝ» እንዲሉልኝ ለመንኳቸው።

«ዋሺ ነው የምትዪኝ?» አሉኝ።

«ውሸት እኮ አይደለም እማማ፤ እኔና ልጄ አንድ ነን።»

«አንድ ከሆናችሁማ አንዳችሁ ስትራብ ሌላዋ ትብላላት።»

አለቀስኩ። እንባ ደግሞ ክፉ መሣሪያ ነው፤ ደግ ሰው ላይ ከተደገነ አይስትም። በመጨረሻ «እላለሁ፤ ግን አልምልም» አሉኝ። «ሰባ ምናምን ዓመት ሙሉ በሐሰት ምዬ አላውቅም፤ አሁን በመሄጃዬ አታስጀምሪኝ።» እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ድል አድርጌ መውጣቴ ነው።

በማግስቱ ማህሌትና እማማ ሩቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋወቁት ባጃጅ ውስጥ ነው። እኔ መሐል ተቀምጬ እንደ ፈተና ዋዜማ አስጠናኋት፤ የአምስቱን ልጆቻቸውን ስም፣ የሚወዱትን ምግብ፣ የጄሪካኖቹን ቀለም፣ የጓሮዋን በር። ባጃጁ እየዘለለ፣ እማማ ሩቂያ እጃቸውን ሻሻቸው ስር ደብቀው ወደ ውጭ እያዩ፣ ስለ እሳቸው አጠገባቸው ሆኜ እንደሌሉ ሰው አወራሁ። ሁሉንም ነገርኳት። እጃቸውን ብቻ ረሳሁት። ሰው የለመደውን ነገር መንገር ያለበት አይመስለውም።

የትምህርት ቤቱ ወግ እንዲህ ነው፤ ተማሪው መጀመሪያ በሰው ሁሉ ፊት ለአዛውንቱ ሻይ ያቀርባል፤ ከዚያ አዛውንቱ ይናገራሉ። የማህሌት ተራ ደረሰ። ልጄ ጨዋ ናት፤ እኔ ነኝ ያሳደግኋት። ስኒውን አፉ ድረስ ሞላች፤ ከወገቧ ጎንበስ አለች፤ በሁለት እጇ ይዛ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚገባው፣ ወደ ቀኝ እጃቸው ዘረጋችላቸው።

እማማ ሩቂያ እምቢ ማለት አልቻሉም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተዘረጋን ነገር በግራ መቀበል አልሆነላቸውም፤ ወይም ልጅቷን ላለማሳፈር ፈለጉ። ቀኝ እጃቸውን አወጡ። ስኒው ከጣቶቻቸው መሐል ሾለከና ወደቀ። ሻዩ ነጭ ሻሻቸው ላይ ፈሰሰ።

ከኋላዬ አንዲት እናት ለጎረቤቷ «እንዴ፣ ልጅቷ አታውቃቸውም እንዴ?» ስትል ሰማሁ። ሲስተር አልማዝ ተነሡ። ምንም ሳይናገሩ ሌላ ስኒ አነሡ፤ ግማሽ ብቻ ቀዱ፤ በግራ እጃቸው አስያዟቸው። ያን ጊዜ ወደ እኔ ያዩ መሰለኝ፤ እኔ የጫማዬን ማሰሪያ እያየሁ ስለነበር እርግጠኛ መሆን አልችልም። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

ማህሌት ስኒው የወደቀበት ቆማ ቀረች። የሰው ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ነው። እማማ ሩቂያ ልጅቷን አዩ፣ ሰዉን አዩ።

«ወላሂ» አሉ፤ «ውሃ የቀዳችልኝ፣ ቤቴን የጠረገችልኝ ይቺው ልጅ ናት። የከዳኝ እጄ ነው፤ እሷ ምን ታድርግ?»

ተጨበጨበ። ማህሌት ተመረቀች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ከመድኃኒት ቤቱ ወጥቼ በሳህን የአጃ ሾርባ ይዤላቸው ሄድኩ። ምስጋና መሆኑ ነው፤ በአንድ ሳህን ሾርባ። ክዳኑን ስከፍት እጃቸውን አነሡና ጾመኛ ነኝ አሉኝ። ረመዳን እኮ ካለፈ ቆይቷል አልኳቸው።

«ይሄ የረመዳን አይደለም፤ የምላሴ ነው» አሉኝ። ኡስታዙን አስጠይቀው ነበር። በሐሰት የማለ ሰው ከቻለ አሥር ድሃ ያበላል፤ ካልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል ብለዋቸዋል። «አሥር ድሃ ከየት አመጣለሁ? እኔው አንዷ ነኝ። ጾሙ ለመሐላው ነው። ውሸቱን ደግሞ ከአላህ ጋር እኛው እንጨርሰዋለን።»

የደም ግፊት ኪኒናቸውን የምሰጣቸው እኔ ነኝ። «ከምግብ በኋላ» ብዬ በእጄ የጻፍኩበት ወረቀት ግድግዳቸው ላይ ተለጥፎ አየሁት። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ለልጄ አርባ ሰዓት አተርፍላታለሁ ብዬ አንዲት አሮጊት ሦስት ቀን አስራብኩ፤ ሒሳብ የምችል ይመስለኝ ነበር። እኔ ልጹምልዎት አልኳቸው። የመጣልኝ ይኸው ነው። እንደ ሰውዬው መርፌ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «በናንተ ጾም በውክልና አለ እንዴ?»

«የለም» አልኩ።

«በኛም የለም። ይልቅ ያንን ሾርባ ለጎረቤቴ ልጅ ስጪው፤ እየሸተተኝ ነው።»

በሦስቱም ቀን ጀምበር ስትጠልቅ ቴምርና ወተት ይዤ ሄድኩ። ስኒውን ግማሽ ቀዳሁ፣ በግራ እጃቸው አስያዝኳቸው። አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ምናለ!

ለሲስተር አልማዝ ልናዘዝ ሁለት ጊዜ ሄጄ ነበር። በመጀመሪያው፣ ዘበኛው እምድብር ሄደዋል አለኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ተመለስኩ። በሁለተኛው አገኘኋቸው። እማማ ሩቂያ እንዴት ናቸው አሉኝ፤ ደህና ናቸው አልኩ። «እርስዎ አሁንም ማክሰኞ ማክሰኞ እሳቸው ዘንድ ይሄዳሉ አሉ» አሉኝ። አዎ አልኩ። ማወቃቸውን አወቅሁ፤ ማወቄንም አወቁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ስለ ዝናቡ አወራን። በደንባቸው መሠረት የሽማግሌ ቃል አይጠየቅም፤ የእናት ቃል ግን ይጠበቅ ነበር። ሳልሰጥ ወጣሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ፣ እኔ ሌሊቱን ያራዘምኩት በገዛ እጄ ነው።

ማህሌት ብሔራዊ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈች። አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት፤ የጤና ትምህርት ታጠናለች። ሰው ስትረዳ ልትኖር ነው ብዬ ትንሽ ተጽናንቼ ነበር። ባለፈው ሳምንት ደወለች። አንድ የመስክ ሥራ ተሰጥቷቸዋል፤ ከግቢ ወጥተው፣ ብቻውን የሚኖር በሽተኛ አዛውንት ቤት እየሄዱ፣ ያዩትን ሊጽፉ ነው።

«እማዬ» አለችኝ፤ «እኔ ፈተና ስላለብኝ መሄድ አልቻልኩም። አንቺ ስለ እማማ ሩቂያ ጻፊልኝና ላኪልኝ፤ የዚህን አገር ስም እኔ አስገባበታለሁ።»

አይሆንም አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም፣ ነውር ነው፣ ራስሽ ሂጂ አልኳት። ልጄ አልተቆጣችም፤ ክፋትም የላትም፤ በእውነት ግራ ገብቷት ነው የጠየቀችኝ።

«ምነው እማዬ፣ ከመቼ ወዲህ?»

መልሱን ማክሰኞ ወደ እማማ ሩቂያ ስሄድ መንገድ ላይ ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም። ሲስተር አልማዝ፣ ይህን ካነበቡ፣ ያቺ መስመር የልጄ አይደለችምና ይሰርዟት። እማማ ሩቂያን ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ ያለፈው አልፏል ብለውኛል። የቀራችሁ እናንተ፣ ይህን የምታነቡት ናችሁ። በድያለሁ፤ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።